የሻጮች ፎቶ ዳታቤዝ ውስጥ መቀመጥ የለበትም

ጥያቄ፦ «የቤትና የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ የሚወጣበት ድረ ገጽ ጃንጎ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሠርቻለሁ፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። ሻጮች ለአንድ ማስታወቂያ እስከ አሥር ፎቶ ይጭናሉ፤ የመታወቂያቸውንና የካርታቸውንም ምስል እቀበላለሁ። ሁሉንም ወደ ቤዝ64 ጽሑፍ እየቀየርኩ ዳታቤዙ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ስለሚሰበሰብ ለደኅንነት ይሻላል ብዬ ነው። አሁን ዳታቤዙ 60 ጊጋባይት ደርሷል፤ መጠባበቂያ ቅጂ መውሰድ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ በስልክ የሚጭኑ ሰዎች መሀል ላይ ይቋረጥባቸዋል፤ አንዳንዶቹ 413 የሚል የስሕተት ቁጥር ያያሉ። የፋይሉን ቅጥያ እያየሁ ምስል ያልሆነውን እከለክላለሁ። ሰርቨሩን ላሳድገው ወይስ ዳታቤዙን ልቀይረው?»

ሁለቱንም አያድርጉ። ትልቅ ሰርቨር ቢከራዩ ችግሩ ለጥቂት ወራት ይሸሸጋል፤ ዳታቤዝ ቢቀይሩ ያንኑ ጭነት ከአንዱ አህያ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። አንድ ችግር ብለው ባቀረቡት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ስሕተቶች አሉ፦ ፋይሉ የተቀመጠበት ቦታ፣ ፋይሉ የሚመጣበት መንገድ እና ለመጣው ፋይል የሰጡት እምነት። ሦስተኛውን በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰው አልፈውታል፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው።

ከቦታው ልጀምር። ቤዝ64 እያንዳንዱን ሦስት ባይት ወደ አራት ፊደል ይቀይራል፤ ስለዚህ የሚያስቀምጡት ነገር ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ያብጣል። ከ60 ጊጋባይቱ አብዛኛው ፎቶ ከሆነ 15 ያህሉ ምንም የማይሠራ ሸክም ነው ማለት ነው። ፖስትግሬስ ደግሞ ትልቅ እሴት ሲሰጠው እንዳለ አያስቀምጠውም፤ ሁለት ሁለት ሺህ ባይት በሚያህሉ ቁራሾች ከፋፍሎ በስውር የጎን ሠንጠረዥ ይደረድረዋል። አንድ 4 ሜጋባይት የሆነ የስልክ ፎቶ ወደ ቤዝ64 ሲቀየር 5.3 ሜጋባይት ይሆናል፤ ያ ከ2,600 በላይ ረድፎች ማለት ነው። የሚጻፈው ሁሉ በቅድሚያ በለውጥ መዝገቡ ላይ፣ ቀጥሎም በራሱ ቦታ ስለሚጻፍ ዲስኩ ሁለት ጊዜ ይሠራል። በዚያ ላይ ጃንጎ ካልተከለከለ በስተቀር የሠንጠረዡን ዓምዶች በሙሉ ያመጣል። የፎቶውን ርዕስ ብቻ ለማሳየት የተጻፈ ገጽ ምስሉንም ጭምር እየጎተተ ወደ ማህደረ ትውስታ ሊያስገባው ይችላል። ጃንጎ ከ2.5 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል ሲደርሰው ማህደረ ትውስታ እንዳይሞላ ብሎ በጊዜያዊነት ዲስክ ላይ ያሳርፈዋል፤ እርስዎ ግን ወደ ጽሑፍ ለመቀየር ሲሉ መልሰው ሙሉውን ወደ ማህደረ ትውስታ ይጭኑታል።

«ለደኅንነት ይሻላል» ያሉት ግማሽ እውነት አለው። ማስታወቂያውና ፎቶው በአንድ የማይከፋፈል የዳታቤዝ ሥራ አብረው ይጻፋሉ፣ አብረውም ይሰረዛሉ፤ አንዱ ቀርቶ ሌላው አይተርፍም። ጥቂት ኪሎባይት ለሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ለፊርማ ምስል፣ እኔም ራሴ ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ለአሥር ሺዎች ፎቶ ግን ይህ ጥቅም ዋጋው አይመጣጠንም። መጠባበቂያ ቅጂው ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ከሆነ መልሶ ማስነሣቱ ከዚያ አያንስም፤ ያን ሁሉ ሰዓት ድረ ገጹ ዝግ ይሆናል። ለመሆኑ ከዚያ ቅጂ ዳታቤዙን መልሰው አስነሥተው ያውቃሉ? ካላወቁ ቅጂ አለኝ ለማለት ገና ነው።

413 የሚለው ቁጥር ከሰርቨሩ አቅም ጋር ግንኙነት የለውም። የተላከው ነገር ከተፈቀደው መጠን በልጧል የሚል የእምቢታ መልስ ነው። እንዲህ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ቆሞ ጥያቄዎችን የሚቀበለው ኢንጂንኤክስ የተባለ የድር ሰርቨር ፕሮግራም ነው፤ ካልቀየሩት ገደቡ 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። (በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ አንባቢዎች ተጨማሪ ሁለት በሮች አሉባቸው፦ ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ ለጠቅላላው ቅጽ 8 ሜጋባይት።) እርስዎ ይህንን ከፍ አድርገውት ይሆናል፤ አለዚያ ማንም በስልክ ያነሣውን ፎቶ መጫን ባልቻለ ነበር። ነገር ግን ገደቡ የሚለካው በአንድ ጥያቄ የተላከውን ጠቅላላ መጠን ነው። አሥሩን ፎቶ በአንድ ቅጽ ጠቅልለው ከላኩ 40 ሜጋባይት ይሆናል። እየተመለሱ ያሉት እንግዲህ ጥሩ ካሜራ ይዘው ብዙ ፎቶ የሚያነሡት፣ ማለትም ከሁሉ የተሻሉ ሻጮችዎ ናቸው።

መሀል ላይ የሚቋረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራ፦ 40 ሜጋባይት 320 ሜጋቢት ነው። የሻጩ ስልክ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ከሆነ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ስልክ ይደወልለታል፣ ታክሲው ይንቀሳቀሳል፣ መስመሩ ይጠፋል። ኢንጂንኤክስ ለ60 ሰከንድ አንድም ባይት ካልደረሰው ግንኙነቱን ይዘጋል፤ ዘጠኙ ፎቶ ደርሶ አሥረኛው ቢቀር እንኳ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። መፍትሔው ሁለት እርምጃ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ በራሱ ጥያቄ ለብቻው ይላክ፤ የተቋረጠው ብቻ ይደገማል። ከመላኩም በፊት እዚያው ስልኩ ላይ፣ ብራውዘሩ ውስጥ፣ ረጅሙ ጎኑ 1,600 ፒክስል እንዲሆን ይነስ። 4 ሜጋባይት የነበረው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ400 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፤ በዚያው ቀርፋፋ መስመር በሦስት ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ለቤትና ለመኪና ማስታወቂያ ከዚህ የበለጠ ጥራት ማንም አይፈልግም። ለሻጩም የዳታ ጥቅሉን መቆጠብ ነው፤ ከፋዩ እሱ ነውና።

ታዲያ ፋይሉ የት ይረፍ? ብዙ ሰው ከዳታቤዝ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ዲስክ ይሄዳል። አንድ ሰርቨር፣ ጥቂት ፎቶ፣ ትጉህ አስተዳዳሪ ካለ ይሠራል። ወጥመዱ ግን ብዙ ነው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ድርጅት ደንበኞች የሚልኩት ሰነድ የሚቀመጠው ፕሮግራሙ በሚሠራበት የዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራሙ ተለይቶ የሚሠራበት፣ ሲተካ ይዘቱ የሚጠፋ ሳጥን) ውስጥ ነበር፤ ከውጭ ዲስክ ጋር አልተያያዘም። አንድ ዓርብ ማታ አዲስ የፕሮግራሙን ቅጂ ስንጭን ኮንቴይነሩ በአዲስ ተተካ። ሰኞ ጠዋት በእያንዳንዱ ሰነድ ቦታ የተሰበረች ትንሽ የምስል ምልክት ብቻ ነበረች። ዳታቤዙ ውስጥ ስማቸው፣ ቀናቸው፣ መጠናቸው ሁሉ ነበር፤ ፋይሎቹ ግን አልነበሩም። ደንበኞችን አንድ በአንድ እየደወልን እንደገና እንዲልኩ ለመንን። ሂሮኩን በመሳሰሉ ፕሮግራም የሚያስተናግዱ አገልግሎቶች ላይም እንዲሁ ነው፤ ማሽኑ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ስለሚታደስ ዲስኩ ላይ የጻፉት ይጠፋል። ሁለተኛ ሰርቨር የጨመሩ ዕለት ደግሞ በአንዱ ላይ የተጫነው ፎቶ በሌላው ላይ አይገኝም። ሌላም አለ፦ ዲስኩ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ቦታ የለም» ሊልዎ ይችላል። የፋይል ሥርዓቱ መያዝ የሚችለው የፋይል ብዛት የተወሰነ ስለሆነ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትናንሽ ምስሎች ይጨርሱታል።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ፋይሎቹን በኦብጀክት ማከማቻ፣ ማለትም እያንዳንዱን ፋይል በመለያ ቁልፍ በሚይዝ የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ያስቀምጡ፤ ዳታቤዙ የፋይሉን መለያ ቁልፍ፣ መጠን፣ ዓይነት፣ ባለቤትና የተጫነበትን ቀን ብቻ ይያዝ። አማዞን ኤስ3 የተባለውን እንዲህ ያለ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2006 ካወጣ ወዲህ የእሱ አጠራር እንደ የጋራ ቋንቋ ሆኗል፤ ሌሎች አቅራቢዎችም ያንኑ ቋንቋ ስለሚናገሩ ነገ አቅራቢ ቢቀይሩ ኮዱ ብዙም አይነካም። ለጃንጎ ጃንጎ ስቶሬጅስ የሚባለው ጥቅል ይህንን አብዛኛውን ሥራ ይሠራልዎታል። አቅራቢ ሲመርጡ የማስቀመጫውን ዋጋ ብቻ አይመልከቱ። ፎቶ አንድ ጊዜ ተጭኖ ሺህ ጊዜ ይታያል፤ የሚያራቁተው ለሚወጣው ዳታ የሚከፈለው ነው። ክላውድፍሌር አር2 ለሚወጣው ዳታ አያስከፍልም፤ አማዞን ያስከፍላል፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ኬፕታውን ላይ ማዕከል አለው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን አይርሱ፤ ካርዱ በአንድ ወር ሳይከፍል ቢቀር ፎቶዎችዎ ምን እንደሚሆኑ ከመጀመርዎ በፊት የውሉን አንቀጽ ያንብቡ። የአገር ውስጥ የዳታ ማዕከል ከመረጡ የኤስ3ን አጠራር ይደግፍ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልደገፈ ኮድዎን ለእነሱ ብቻ ያስራሉ።

ፋይሉ ወደ ማከማቻው በእርስዎ ሰርቨር በኩል ማለፍ የለበትም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ብራውዘሩ መጀመሪያ ሰርቨርዎን ፈቃድ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ፣ ስንት ፎቶ እንደቀረው ይመረምርና ለአሥር ደቂቃ ብቻ የሚያገለግል የተፈረመበት አድራሻ ይሰጠዋል። ብራውዘሩ ፎቶውን በቀጥታ ወደ ማከማቻው ይልካል፤ ሲጨርስ ለሰርቨሩ ያሳውቃል። ሰርቨሩም ፎቶው በእርግጥ መድረሱን ራሱ ከማከማቻው ጠይቆ ያረጋግጣል፤ የብራውዘሩን ቃል ብቻ አይቀበልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፋይል ከሚላክባቸው ሁለት መንገዶች ፖስት በሚባለው የተፈረመ ፈቃድ ትልቁን የፋይል መጠን መገደብ ይችላል፤ ፑት የሚባለው ግን የመጠን ክልል አያውቅም። አቅራቢዎ ፖስቱን የማይደግፍ ከሆነ የፋይሉ ትክክለኛ መጠን ከፊርማው ጋር እንዲታሰር ያድርጉ። አለዚያ አንድ ተንኮለኛ በእርስዎ ፈቃድ በጊጋባይት የሚቆጠር ፊልም ያስቀምጥብዎታል፤ ከፋዩም እርስዎ ነዎት።

አሁን ወደ እምነቱ ልምጣ። የፋይል ቅጥያ የበር ላይ ጽሑፍ ነው፤ ውስጥ ያለውን አይናገርም። ማንም ሰው የፒኤችፒ ፕሮግራም ጽፎ ስሙን ጄፔግ ሊለው ይችላል። ብራውዘሩ አብሮ የሚልከው የፋይል ዓይነትም እንዲሁ ላኪው እንደፈለገ የሚጽፈው ነው። የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች መመርመር ከዚህ ይሻላል፤ የፒኤንጂ ፋይል ለምሳሌ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ባይት ድረስ የራሱን ስም ጽፎ ይጀምራል። እሱም ቢሆን በቂ አይደለም፤ ራሱ ምስል ሆኖ ጭራው ሌላ የሆነ ፋይል መሥራት ይቻላልና። አስተማማኙ መንገድ ምስሉን ከፍቶ፣ ፒክስሉን ብቻ ወስዶ፣ እንደገና እንደ አዲስ ፋይል መጻፍ ነው። ከፒክስሉ ውጭ የተደበቀ ነገር ሁሉ በዚያው ይቀራል። የመጣውን ዋናውን ፋይል ለሕዝብ ፈጽሞ አያሳዩ፤ ማንም በማይደርስበት የመጠበቂያ ክፍል ይረፍ፤ የሚታየው እርስዎ እንደገና የጻፉት ብቻ ይሁን።

ይህ ምርመራም የራሱ አደጋ አለው። በኪሎባይት የሚለካ ፋይል ሲከፈት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፒክስል ሊሆንና ማህደረ ትውስታውን ሊያጥለቀልቀው ይችላል። ፒሎው የተባለው የፓይተን ምስል መክፈቻ ጥቅል ከ89 ሚሊዮን ፒክስል በላይ ሲሆን ያስጠነቅቃል፣ ከእጥፉ ሲበልጥ እምቢ ይላል፤ ለእርስዎ ሥራ 50 ሚሊዮን ከበቂ በላይ ስለሆነ ገደቡን ዝቅ ያድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢሜጅማጂክ በተባለው ዝነኛ የምስል ፕሮግራም ላይ የተገኘው ቀዳዳ ምስል በመጫን ብቻ ሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ ለማስፈጸም ያስችል ነበር። ስለዚህ ምስል የሚከፍተው ፕሮግራም ከድረ ገጹ ተለይቶ፣ የዳታቤዙ ይለፍ ቃል በሌለበት፣ ከበስተጀርባ በወረፋ ይሥራ፤ ዘወትርም ይታደስ። ኤስቪጂን ጨርሶ አይቀበሉ፤ ምስል ይመስላል እንጂ ጃቫስክሪፕት (ብራውዘሩ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ሊሸከም የሚችል ጽሑፍ ነው። ከአይፎን የሚመጣውን ሄይክ የሚባል ዓይነት ፒሎው ያለ ተጨማሪ ጥቅል አይከፍተውም፤ አብዛኞቹ ብራውዘሮችም አያሳዩትም፤ ወደ ጄፔግ ይቀይሩት።

ፎቶው ሲነሣ ስልኩ ውስጡ የሚጽፈው መረጃ አለ፦ ቀኑ፣ የስልኩ ዓይነት፣ ብዙ ጊዜም ቦታው በኬክሮስና በኬንትሮስ። ሻጩ ማስታወቂያው ላይ «ሲኤምሲ አካባቢ» ብቻ ብሎ ጽፎ ሳለ፣ የሳሎኑን ፎቶ ያወረደ ማንኛውም ሰው በካርታ ላይ የግቢውን በር ሊያገኘው ይችላል። በሳሎኑ ፎቶ ላይ ትልቁ ቴሌቪዥን ይታያል፤ አድራሻውም አብሮ ተሰጥቷል። ይህንን ማጥፋት ግዴታዎ ነው። ሲያጠፉ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ስልኩ በየትኛው ጎኑ ተይዞ እንደነበር የሚናገረውም ምልክት እዚያው ስለሚገኝ፣ መጀመሪያ ፎቶውን በምልክቱ መሠረት አዙረው ነው መረጃውን የሚያጠፉት። ቅደም ተከተሉን ካዛቡ ቤቱ በጎኑ ተኝቶ ይታያል።

የፋይል ስም ጉዳይ ለእኛ የተለየ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ8 በሚባለው የፊደላት አቀማመጥ ሥርዓት ሦስት ባይት ይይዛል፤ በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ሲጻፍ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «የሳሎን» የሚለው ባለ አራት ፊደል ቃል ብቻውን 36 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። በሊኑክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት ስለማይበልጥ በአማርኛ ከ85 ፊደል በላይ አይጻፍም። ሻጮች የማስታወቂያውን ጽሑፍ በሙሉ የፋይል ስም ሲያደርጉት አይቻለሁ። ከላኪው የመጣ ስም ወደ ሌላ አቃፊ የሚመራ ምልክትም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፋይል እርስዎ ራስዎ በዕድል የሚወጣ መለያ ይስጡት፤ የመጀመሪያው ስም በዳታቤዙ ውስጥ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀመጥ። እንዲህ ሲሆን አንድ ስም ሁለት ጊዜ አይሠራም፤ ፎቶ ሲቀየር አድራሻውም ይቀየራል። በመሆኑም ብራውዘሩ ምስሉን ለአንድ ዓመት እንዲይዘው ያለ ሥጋት ማዘዝ ይችላሉ። ለዝርዝር ገጹ 400፣ ለሙሉ እይታ 1,200 ፒክስል ስፋት ያላቸው ሁለት ቅጂዎች በቂ ናቸው።

መታወቂያና ካርታ ከቤት ፎቶ ጋር በአንድ ማከማቻ አይደሩ። ለሕዝብ ክፍት በሆነው ክፍል ውስጥ አንድ የተሳሳተ ቅንብር የሰዎችን ማንነት ለዓለም ይበትናል። የራሱ ዝግ ማከማቻ፣ የራሱ ቁልፍ ይኑረው፤ የሚመረምረው ሠራተኛም ለአምስት ደቂቃ በሚያገለግል አድራሻ ብቻ ይየው፤ ማን መቼ እንዳየው ይመዝገብ። ከዚያ በፊት ግን ራስዎን ይጠይቁ፦ ምስሉን ለምን ያቆዩታል? ማጣራት ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት፣ «ተጣርቷል» ብለው ቀኑንና ያጣራውን ሰው ስም ይመዝግቡና ምስሉን ያጥፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው። ማቆየት ግድ ከሆነብዎ ምን ያህል ጊዜና የት እንደሚያቆዩት ከሕግ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ።

ቪዲዮ ለመጨመር ካሰቡ አሁን አይጨምሩ። እያንዳንዱን ቪዲዮ ለተለያየ የመስመር ፍጥነት መቀየር ብዙ የማሽን ጉልበት ይበላል። ግድ ከሆነ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ሲቀይሩ የፋይሉ ማውጫ ወደ ፊት እንዲመጣ ይዘዙት፤ በብዙ የኤምፒ4 ፋይሎች ውስጥ ማውጫው መጨረሻ ላይ ስለሚገኝ ተመልካቹ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል።

ፋይሉና መዝገቡ ሲለያዩ ቀደም ሲል የጠቀስኩትን የአብሮነት ጥቅም ያጣሉ፤ ያንን በሥርዓት ይተኩት። ማስታወቂያ ሲሰረዝ ፋይሉን ወዲያው አያጥፉ፤ ምልክት ያድርጉበትና ከ30 ቀን በኋላ ይጥፋ። ተጭነው ከማስታወቂያ ጋር ያልተያያዙትን በየሌሊቱ የሚጠርግ ትንሽ ፕሮግራም ይኑር። መጠባበቂያ ቅጂ ሲወስዱ ዳታቤዙን አስቀድመው፣ ፋይሎቹን አስከትለው ይውሰዱ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ዳታቤዙ የሚያውቀው ፋይል ሁሉ በቅጂው ውስጥ ይገኛል። የተገላቢጦሽ ከሆነ ግን በመሀል የተጫኑት ፎቶዎች ስማቸው ኖሮ እነሱ አይኖሩም። ማከማቻው ፋይል አይጠፋበትም ቢባልም የእርስዎ የተሳሳተ ትእዛዝ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ የቀድሞ ቅጂዎችን የማቆየት አገልግሎቱን ይክፈቱ፤ አንድ ቅጂም በሌላ አቅራቢ ዘንድ ይኑር።

ያሉትን ፎቶዎች ለማዛወር ድረ ገጹን መዝጋት አያስፈልግም። ለፎቶ መዝገብ አዲስ ሠንጠረዥ ይፍጠሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣው በአዲሱ መንገድ ብቻ ይሂድ። አሮጌዎቹን ሁለት ሁለት መቶ እያደረጉ ትራፊክ በሚቀንስበት ሰዓት ይቅዱ፤ እያንዳንዱ በመረመሩትና እንደገና በጻፉት ቅጂ መልክ ይለፍ፤ ዋናው በዝግ ማከማቻ ሲገባም የሻ256 አሻራው (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ዳታቤዙ ውስጥ ካለው ፎቶ አሻራ ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ። ገጹ ፎቶውን አስቀድሞ በአዲሱ ሠንጠረዥ ይፈልግ፤ ካጣው ወደ አሮጌው ይመለስ። ሁሉም ተዛውሮ ለአንድ ወር ወደ አሮጌው የተመለሰ ጥያቄ ከሌለ፣ አሮጌውን ሠንጠረዥ እንዳለ ያስወግዱት። ረድፎቹን አንድ በአንድ አይሰርዙ፤ ፖስትግሬስ በተሰረዙ ረድፎች የተያዘውን ቦታ ለዲስኩ አይመልስም፣ ለራሱ ያቆየዋል። ሠንጠረዡ ሙሉ በሙሉ ሲወገድ ግን ቦታው ወዲያው ይለቀቃል፤ የዚያኑ ሌሊት መጠባበቂያ ቅጂም በደቂቃዎች ያልቃል።